የወጣቶች ቢኤምኤክስ (ዝላይ ባለው የአፈር መንገድ ላይ የሚደረግ የሳይክል ውድድር) ዕቅድ፣ ረቂቅ 3 (ሎስ አንጀለስ)

አስተባባሪ፦ የድጋፍ ማመልከቻው ዓርብ ይገባል። ጥያቄያችን ያው ነው፦ 8 ባለ 20 ኢንች ሳይክል፣ ፊት የሚሸፍን 8 ሄልሜት፣ አንድ ባለ 4 መስመር መነሻ በር። የ2028 ኦሎምፒክ ቢኤምኤክስ እዚሁ ሴፑልቬዳ ነው፤ አሁን ካልጠየቅን መቼ?

ገንዘብ ያዥ፦ መግቢያው «ስፖርቱ በ1969 ፓልምስ ፓርክ ተጀመረ» ይላል። ማን አጸደቀው?

የሎንግ ቢች ተወካይ፦ አልፈርምበትም። በ1970 ሎንግ ቢች ላይ ስኮት ብራይትሃፕት ውድድር ሲያዘጋጅ 13 ዓመቱ ነበር። 25 ሳንቲም አስከፍሎ፣ በሞተር ሳይክል ያሸነፋቸውን የራሱን ዋንጫዎች ሸለመ። ማኅበርም ያቋቋመው እሱ ነው።

አስተባባሪ፦ የፓልምስ ሠራተኛ ሮን ማክለር ልጆቹን ሽዊን ስቲንግሬይ በተባለው የልጆች ሳይክል ያወዳደረው ከዚያ በፊት ነው። ፓርኩም ለፌርፋክስ ሰፈራችን ይቀርባል።

ቴክኒክ፦ ሁለቱንም ጻፉና ወደ በሩ እንመለስ። በሩ ከታች በማጠፊያ ታስሮ ወደ ፊት ይወድቃል። ነጥሮ ከተመለሰ የፊት ጎማ ይመታና ልጁን በመሪው ላይ ያሽቀነጥረዋል፤ ማረፊያው ላይ ወፍራም ላስቲክ ይግባ። የሳይክሉ ጥርስ (ካቴናው የሚዞርበት) ፊት 44፣ ኋላ 16 ይሁን። ካቴናው መሃሉን ሲጫኑት 1 ሴንቲ ያህል ይርገብ፤ ከላላ ዝላይ ላይ ይወልቃል፣ ከተወጠረ ፔዳሉ ይከብዳል። ብየዳውን እኔ እሠራለሁ ያለው ልጅ የት ገባ?

ሎንግ ቢች፦ ሁለቱም ከተጻፉ የቱ ይቀድማል?

ገንዘብ ያዥ፦ በዓመት አንዴ ለምታዋጡት ይህን ያህል?

ሎንግ ቢች፦ እንግዲያው መዋጯችን ይመለስ!

የወላጆች ተወካይ፦ ኧረ ተዉ! ለአንድ ዓመተ ምሕረት ልትበተኑ ነው? ታሪኩ በፎቶ ሰሌዳ ይቅረብ፦ 1963 ስቲንግሬይ፣ ከዚያ ፓልምስና ሎንግ ቢች ጎን ለጎን፣ 1982 ዴይተን የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና፣ 2008 ቤጂንግ ኦሎምፒክ።

ሎንግ ቢች፦ ጎን ለጎን ከሆነ እፈርማለሁ። ለተናገርኩት ይቅርታ ጋሼ።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔም አብዝቻለሁ። ግን 6 ሰሌዳ ከነማቆሚያው ከሳይክሉ በጀት ነው የሚወጣው። ሳይክሉ 4 ይሁን።

ቴክኒክ፦ በውድድር በሩ ላይ የሚሰለፉት 8 ናቸው። እኛ 4 ብለን ነበር፤ አሁን ለልምምድ ተራ የሚጠብቅ ሳይክል እንኳ የለም።

አስተባባሪ፦ በያጁ ስልክ አያነሳም። በሩ ለሚቀጥለው ዙር ይቆይ፤ ርዕሱ «የቢኤምኤክስ ታሪክ ዐውደ ርዕይና ልምምድ» ይባል።

ቴክኒክ፦ ሄልሜቱ ግን ከ8 አይቀነስ፣ መጠኑም የተለያየ ይሁን። የላላ ሄልሜት ልጁ ሲወድቅ ዞሮ ዓይኑን ይሸፍነዋል።