የወረዳ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ያውሱ ወይስ አያውሱ?

ለክርክር የቀረበው፦ በቀጣዩ የአምስት ዓመት ስትራቴጂክ ዕቅድ የአዲስ አበባ የወረዳ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ወደ ቤት ያውሱ ወይስ እዚያው ማስነበቡ ይበቃል?

ዕቅድ ክፍል፦ ያውሱ እንጂ! ትልቁ የከተማዋ ቤተ መጻሕፍት አብርሆት በ2014 ሲከፈት በአንድ ጊዜ በሺዎች የሚቆጠር አንባቢ እንዲይዝ ታስቦ ነው፤ እዚያ በወንበር ቁጥር ማቀድ ያስኬዳል። 60 ወንበር ያላት የወረዳ ክፍል ግን ፈተና ሲደርስ የራሱን ደብተር ይዞ በሚያጠና ተማሪ ትሞላለች፣ መደርደሪያውን ዞር ብሎ የሚያይ የለም። ሪፖርቱ ላይ «የተገልጋይ ቁጥር ጨምሯል» ይባልለታል። አራስ እናት ወይም 12 ሰዓት ከሥራ የሚወጣ ሰው መቼ ይምጣ?

ንብረት ክፍል፦ ሲጠፋስ ማን ይክፈል? መጽሐፉ በሞዴል 19 (የንብረት መቀበያ ቅጽ) ገቢ ሆኖ፣ በሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ቅጽ) በቤተ መጻሕፍት ባለሙያዋ ስም ይወጣል። ከዚያ በኋላ እንደ ጠረጴዛው ሁሉ እሷ የፈረመችበት ንብረት ነው። ቆጠራ ላይ 40 ቢጎድል የምትጠየቀው እሷ ናት። ብትቆልፈው ማን ይፈርድባታል?

ዕቅድ ክፍል፦ እውነትዎን ነው፣ ማነቆው እሱ ነው። ስለዚህ በዕቅዱ ከመደርደሪያ ብዛት በፊት የሚፈቀድ የጉድለት መጠን ይጻፍ። ለምሳሌ በዓመት ከተዋሰው እስከ 3 በመቶ በኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ይሰረዝ። ይህ መመሪያ ሳይጸድቅ ከሆነ ማዋሱ ባይጀመር ይሻላል።

ካታሎግ ሠሪ፦ ምኑን ነው የምታውሱት? በስጦታ የመጣ ዘመኑ ያለፈበት የውጭ መማሪያ፣ አንዱ ርዕስ 30 ቅጂ! ሦስት አስቀርቶ ሌላውን መመለስ ነው። ሰው የሚጠይቀው አዲስ የአማርኛ ልቦለድና የልጆች መጽሐፍ ነው፤ ጨረታው ወራት ሲፈጅ እትሙ ከገበያ ያልቃል። በየሩብ ዓመቱ ያለ ግልጽ ጨረታ፣ ከጥቂት ሻጮች በዋጋ ማቅረቢያ ብንገዛስ?

ንብረት ክፍል፦ ግዥ መከፋፈል ኦዲት ላይ ያስጠይቃል። ይልቅ ከአከፋፋዮች ጋር የማዕቀፍ ስምምነት ይታሰር፤ አንዴ ተወዳድረው ዓመቱን ሙሉ እየታዘዙ ያቅርቡ።

ካታሎግ ሠሪ፦ እስማማለሁ። ሙከራው በልጆች መጻሕፍት ይጀመር፦ 200 መጽሐፍ፣ ለአንድ ቤተሰብ ሁለት፣ ለ14 ቀን። መለያ ቁጥሩና ማኅተሙ ሽፋኑ ላይ ብቻ ሳይሆን ውስጥ ገጽም ላይ ይሁን፤ ሽፋን ይገነጠላል።

ንብረት ክፍል፦ በወረዳው መታወቂያ ከሆነ ይሁን።

ዕቅድ ክፍል፦ አይሆንም! ተከራዩ ብዙ ጊዜ የወረዳው መታወቂያ የለውም፤ ቤቱ መጽሐፍ የሌለውም እሱ ነው። የትምህርት ቤት ደብዳቤ ይበቃል።

ንብረት ክፍል፦ ደብዳቤ የጻፈው ትምህርት ቤት ለጠፋው ይፈርማል?