የፀደይ አትክልት ሰላጣ ከማታ አዘጋጅቶ ሳይጠወልግ ማቅረብ ይቻላል?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። እሁድ ለምሳ እንግዶች አሉብኝ፤ ስምንት ሰው እንሆናለን። ለጋ የሰላጣ ቅጠል፣ እሸት አተር፣ ፎሶሊያ፣ ፍጅል፣ ኪያር፣ ቀይ ሽንኩርትና ናና አለኝ። የፀደይ አትክልት ስለሆነ ሁሉም ለስላሳ ነው፣ ቶሎም ይጠወልጋል። እሁድ ጠዋት ቤት ስለማልኖር አብዛኛውን ሥራ ቅዳሜ ማታ ልጨርስ አስቤያለሁ። ግን ሰላጣ ተቀላቅሎ ሲያድር ሳህኑ ሥር ውሃ ይጠራቀማል፣ አረንጓዴውም ይደበዝዛል። የቱን ማታ ልሥራ፣ የቱን ለመጨረሻ ላቆይ? ድሬሲንጉንም ራሴ ባዘጋጀው ደስ ይለኛል።

መልስ

እህቴ፣ አታስቢ፤ አብዛኛው ማታ ያልቃል። ማቀላቀሉን ብቻ ለምሳ ሰዓት ተይው። ውሃውን የሚያስወጣው ጨው ነው። የተከተፈ አትክልት ጨው ሲነካው በውስጡ ያለው ውሃ ወደ ውጭ ይሳባል።

ማታ በፎሶሊያው ጀምሪ። ሰፋ ባለ ድስት ብዙ ውሃ አፍልተሽ ጨው ጨምሪበት። ፎሶሊያውን 3 ደቂቃ ያህል፣ አተሩን 1 ደቂቃ ብቻ ቀቅይው። ድስቱን አትክደኚው፤ ከአትክልቱ የሚወጣው አሲድ ከእንፋሎቱ ጋር ካልወጣ አረንጓዴውን ያደበዝዘዋል። ፎሶሊያው ሲነከስ ቀጭ ማለት አለበት። እንዳወጣሽው በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ ክተቺው። ይህን ካላደረግሽ በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል። ሲቀዘቅዝ አጥልይውና በንጹሕ ፎጣ አድርቀሽ ፍሪጅ አስገቢው።

ሌላ መልስ

ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ እኔ ስለ ቅጠሉ ልጨምር። ብዙ ሰው አጥቦ አንጠፍጥፎ ይበቃል ይላል። አይበቃም! ዘይት እርጥብ ቅጠል ላይ አይዝም፤ ተንሸራቶ ሳህኑ ሥር ይወርዳል። ያኔ ድሬሲንጉ ቀጥኖ ጣዕም ያጣል።

ቅጠሉን ትልቅ ሳፋ ውስጥ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቢው። ስታወጪው ግን ውሃውን አትድፊ፤ ቅጠሉን በእጅሽ ወደ ላይ አንሺው። አሸዋው ሥር ይቀራል። ውሃው ጥርት እስኪል ደጋግሚው። ከዚያ ደረቅ ፎጣ ላይ ዘርግተሽ፣ ጠቅልለሽ፣ እንደተጠቀለለ በፌስታል አድርገሽ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪው። ጠውለግ ያለ ካለ ከመድረቁ በፊት በረዶ ውሃ ውስጥ ትንሽ ቢቆይ ነፍስ ይዘራል።

ሌላ መልስ

ኪያሩን ማታ አትክተፊው። 95 በመቶ ገደማው ውሃ ነው፤ ተከትፎ ሲያድር ይልፈሰፈሳል። እሁድ ለሁለት ሰንጥቂው፣ መሐሉን ከነፍሬው በማንኪያ ፋቂው፣ ከዚያ ክተፊው። አንዳንዱ ጨው ነስንሶ ውሃውን ያስወጣዋል። ለዚህ ሰላጣ እኔ አልመርጠውም፤ ለስላሳ ቅጠል መሐል ቀጭ የሚል ነገር ያስፈልጋል።

ሽንኩርቱን በስሱ ከትፈሽ 10 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ካቆየሽው የሚያቃጥለው ይቀንስለታል። ፍጅሉን ግን ማታ በስሱ ከትፈሽ ውሃ ውስጥ ብታሳድሪውም ግድ የለም፤ እንዲያውም ቀጭ ይላል።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ፎሶሊያው ጣዕም እንዲገባበት ማታውኑ ሎሚ ባደርግበትስ?

መልስ

አይሆንም እህቴ፣ እሱን አታድርጊው። ፎሶሊያውን አረንጓዴ ያደረገው ክሎሮፊል ማግኒዚየም አለበት። አሲድ ሲያገኘው ማግኒዚየሙን ያጣና ወደ ቡናማ ያዘነብላል። ሎሚም አቼቶም ያው ናቸው። ለመቅረብ ደቂቃዎች ሲቀሩ ብቻ ይግባ።

ለስምንት ሰው 6 የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭ፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ በቂ ነው። ክዳን ባለው ብልቃጥ አድርገሽ በደንብ ናጪው። ሰናፍጩ ዘይቱና ሎሚው ቶሎ እንዳይለያዩ ይይዛቸዋል። ማታ ሠርተሽው ፍሪጅ ካደረ ዘይቱ ይረጋል፤ ቀደም ብለሽ አውጪውና መልሰሽ ናጪው። ደግሞ በማንኪያ አትቅመሺው፤ በማንኪያ ሁሌም ይኮመጥጣል። ቅጠል ነክረሽ ቅመሺው።

ስታቀላቅዪ ፎሶሊያውን፣ አተሩን፣ ፍጅሉንና ኪያሩን አስቀድመሽ በግማሹ ድሬሲንግ ለውሺ። ቅጠሉን መጨረሻ ጨምረሽ በእጅሽ ቀስ አድርገሽ አገላብጪው። ናናውን በጣትሽ ቀነጣጥሰሽ ጣል አድርጊበት፤ ቀድሞ በቢላ ከተከተፈ ይጠቁራል።

ጠያቂዋ

የሚተርፈውስ ለሰኞ ይሆናል?

መልስ

ድሬሲንግ የነካው አይሆንም፤ ይልፈሰፈሳል። ከ2 ሰዓት በላይ ገበታ ላይ የቆየውንም አታስቀምጪው። ስለዚህ ሁሉንም በአንዴ አትለውሺ። ከቅጠሉም ከአትክልቱም ሲሶውን ፍሪጅ ውስጥ አቆይና፣ ሳህኑ ሲያልቅ ጨምሪ። ያልተነካው ለሰኞ ምሳ ይሆንሻል።