ግቤ ዳገት ላይ የምትሞት ዲኤክስ፦ ካምሻፍት ልቀይርላት?

የቆጪ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ኮሮላ ዲኤክስ አለችኝ፣ 2ኢ ሞተር፣ ባለ ካርቡራተር። ጅማ ውስጥ ትንሽ ሰነፍ ናት ግን ትሰራለች፣ አዲስ አበባ ስሄድ ግን ግቤን ተሻግሬ ወደ ወልቂጤ የሚወጣው ዳገት ላይ 2ኛ ማርሽ ካልሆነ እምቢ፣ ያልቀደመኝ ባጃጅ ብቻ ነው። ሞተሩ ሲጮህ ደህና ናት ከስር ግን ጉልበት የለም። ካንዴላና ፊልትሮ አዲስ ነው፣ የታይሚንግ ቺንጋዋም ከ3 ወር በፊት ተቀይራለች። አንድ ጓደኛዬ የስፖርት ካም (ካምሻፍት) አስገባላት አለኝ። እውነት ነው? ካም ራሱ ምን እንደሚሰራ በደንብ አይገባኝም አትሳቁብኝ

ሂርማታ ቱርቦ፦
አስገባ ብሮ! 272 ዲግሪ ካም የገባላት መኪና ሚኒሞ ላይ፣ ጋዝ ሳትረግጥ፣ ድምጿ ብቻ ይበቃሃል 🔥

ጋሽ ቴስታታ፦
አንተ ልጅ ሰው አታሳስት። የኔ ልጅ ስማ፣ ካም ማለት ቫልቮቹን በሰዓቱ የሚከፍተው ዘንግ ነው፣ ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ክራንክ 2 ጊዜ ሲዞር እሱ 1 ጊዜ ይዞራል። እላዩ ላይ ያሉት እንቁላል መሳይ ጉብታዎች ናቸው ቫልቩን የሚገፉት፣ የጉብታው ከፍታ ቫልቩ ምን ያህል እንደሚከፈት፣ ስፋቱ ደግሞ ስንት ዲግሪ ተከፍቶ እንደሚቆይ ይወስናል፣ 272 የተባለው እሱ ነው። ረጅም ዲግሪ ከ5,000 ዙር በላይ ለሚጮህ ሞተር ነው፣ ከስር ግን ጉልበት ይበላል፣ ሚኒሞ ያንቀጠቅጣል፣ የሞተሩ ቫኩዩም (መሳቡ) ስለሚቀንስ ፍሬን ስትረግጥ የሚያግዝህ ሰርቮም ይደክማል። ያንተ ችግር ደግሞ ከስር ነው! ላይ ላዩን ብታክምላት ምን ይጠቅማታል። ጅማ ራሷ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ጉልበት ያጣል፣ ያንን ካም አይመልሰውም።
እኔ የምጠረጥረው ክራንኩንና ካሙን የሚያያይዘውን የታይሚንግ ቺንጋ ነው። አንድ ጥርስ ዘግይቶ ከገባ ልክ አንተ ያልከውን ይሆናል፣ ከስር ሞቶ ከላይ ይነቃል። የክራንክ ፑሌጃውን ምልክት ዜሮ ላይ አድርገህ የካሙ ምልክት ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ ካለው ጋር መግጠሙን እይ።

ቶርኖ ቤት፦
ጋሼ ልክ ናቸው። እግረ መንገድህን የቫልቭ ክዳኑን ስትከፍት ጉብታዎቹን በካሊፐር ለካቸው፣ አንዱ ከሌሎቹ አጥሮ ከተገኘ ተበልቷል ማለት ነው፣ ዘይት ሳይቀየር የቆየበት ላይ ይበዛል። ካም አስሞርደህ ቅርጹን መቀየርም ይቻላል ግን በተራ ቶርኖ አይሞከርም ልዩ ማሽን ይፈልጋል፣ ከፍታ ካበዛህ ደግሞ የቫልቭ ሞላውም መጠንከር አለበት፣ ካርቡራተሩም እንደገና መስተካከል። ሂርማታ የሚያወራው ካም የሚያምረው 4ኤ-ጂኢ በሚባለው የቶዮታ ስፖርት ሞተር ላይ ነው፣ ለሱ ሞተር 256 በለው 264 በለው እንደልብ ነው።

ሂርማታ ቱርቦ፦
እሺ እሺ፣ ድምጹ ግን ያምራል 😂

የቆጪ ልጅ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ!! ዛሬ ከፈትናት፣ በትክክል አንድ ጥርስ ዘግይታለች። ቺንጋውን የቀየረው ልጅ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢዩተር አዙሮ ሸፍኖታል፣ ለዛ ነው ሚኒሞዋ ደህና የመሰለኝ። ጉብታዎቹን ለካን ሁሉም እኩል። ወደ ጅሬን ዳገት ሞከርኳት በ3ኛ ወጣች። ግቤን ደግሞ ቅዳሜ ስሄድ አያታለሁ፣ አሁን የቀረኝ የማርሚታዋ ጩኸት ነው እሱን ሌላ ቀን እጠይቃችኋለሁ