ምክረ ሐሳብ (ረቂቅ 2)፦ በ1935ቱ የእንግሊዝ ምርጫ ሌበር ቢያሸንፍ ኖሮ

አስተባባሪ፦ ጽሑፉ ከአንድ ገጽ እንዳያልፍ። ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እንያዝ። አሁን ያለን መነሻ ይኸው ነው፦ ኖቬምበር 14 የሠራተኛው ፓርቲ ሌበር አሸንፎ መሪው አትሊ መንግሥት ያቋቁማል፤ ኢትዮጵያን በወረረችው ጣሊያን ላይ የነዳጅ ማዕቀብ ይጣላል። የጎደለውን ሙሉ።

የምርጫ ቡድን፦ "ያሸንፋል" ብሎ ማለፍ አያዋጣም። በእውነተኛው ምርጫ ከ615 ወንበር የጠቅላይ ሚኒስትሩ የባልድዊን ወገን 429 ወሰደ፣ ሌበር 154። ብቻውን አብላጫ እንዲይዝ ልክ እጥፉን፣ 308 ማግኘት ነበረበት። በ1931 52 ወንበር ብቻ ለቀረው ፓርቲ ይህን ማን ያምናል? በ1929 ያገኘውን 287 እንስጠው። የሊበራሎቹ 21 ሲጨመር 308 ይሞላል። ሁለት እንደራሴ ጉንፋን ቢይዛቸው የሚወድቅ መንግሥት ነው፤ ለእኛ ግን እንዲህ ሲሆን ነው የሚጥመው።

የጄኔቫ ቡድን፦ ጋሼ፣ በቁጥሩ እንስማማለን። መራጩን ያዞረው ግን ምንድን ነው? ባልድዊን "ከመንግሥታቱ ማኅበር ጋር ነን" እያለ የተቃዋሚውን አጀንዳ ነጥቆታል። ይህን የሚያፈርስ እውነተኛ ነገር አለ። ሴፕቴምበር 10 የእንግሊዙ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆርና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ላቫል ጄኔቫ ላይ የጦር እርምጃም ሆነ የስዊዝ ቦይ መዘጋት እንዳይነሣ በምስጢር ተስማምተዋል። ላቫል ራሱ ዲሴምበር 28 ለፈረንሳይ ምክር ቤት ተናገረው። ወሬው ኦክቶበር ላይ ይውጣ፤ ሌላ ምንም አንነካም።

ሌላ አባል፦ ምርጫውን ለምን አናዘገየውም? ኢትዮጵያን የሚቆራርሰው የሆርና የላቫል ዕቅድ ጋዜጣ ላይ የወጣው ዲሴምበር 9፣ ከምርጫው 25 ቀን በኋላ ነው። ድምፅ የሚሰጠው በጃንዋሪ ቢሆን የሕዝቡ ቁጣ ብቻውን ይበቃል።

የግንባር ቡድን፦ አይሆንም። ጃንዋሪ 20 ጆርጅ 5ኛ ስለሚሞቱ ቅስቀሳው በሐዘን ይቋረጣል፤ ይህ እንኳ ቀላሉ ነው። ትልቁ ችግር ነዳጁ ነው። የማኅበሩ ባለሙያዎች በፌብሩዋሪ 1936 እንደገመቱት ማዕቀቡ የሚሠራው ከ3 እስከ 3 ወር ተኩል ቆይቶ ነው፤ ያውም አሜሪካ ሽያጯን ከ1935 በፊት ከነበረው ካላሳለፈች። ፌብሩዋሪ ላይ የተጣለ ማዕቀብ ፍሬው ሜይ ወይ ጁን ነው፤ የጣሊያኑ ጦር አዛዥ ባዶልዮ አዲስ አበባ የገባው ግን ሜይ 5። ዲሴምበር 1 ከተጣለ ማርች አጋማሽ ላይ ይይዛል፤ ማይጨው ማርች 31 ነው። ትርፋችን ሁለት ሳምንት ገደማ፣ ቢበዛ አንድ ወር። ከዚያ በፊት የተካሄዱትን የአምባ አራዶምንና የተምቤንን ውጊያዎች አያድንም፤ ይህን ሳንሸፋፍን እንጻፈው፣ አለዚያ አንባቢ ይታዘበናል።

ሌላ አባል፦ እሺ፣ ኖቬምበር ይሁን። ስዊዝን ቢዘጉትስ?

የጄኔቫ ቡድን፦ የ1888ቱ የቁስጥንጥንያ ውል ቦዩ በጦርነት ጊዜም ክፍት እንዲሆን ያዛል። መዝጋት ማለት ከጣሊያን ጋር መዋጋት ነው። የጦር በጀት ሲቃወም የከረመ ፓርቲ፣ በ308 ድምፅ፣ አያደርገውም። ከረቂቁ ይውጣ።

አስተባባሪ፦ ወጥቷል። ምርጫው ኖቬምበር 14፣ ወንበሩ 287 ሲደመር 21፣ መነሻው የኦክቶበሩ ወሬ። የግንባር ቡድን የነዳጁን ሰሌዳ በወር ከፍሎ እስከ ዓርብ ይላክ። የጄኔቫ ቡድን ደግሞ አንድ ነገር ይቀራችኋል፦ ላቫል እስከ ጃንዋሪ 22 ሥልጣን ላይ ነው። ፈረንሳይ በነዳጁ ካልተባበረች ሎንዶን ብቻዋን ትገፋበታለች ወይስ ትጠብቃለች?