«ናስ የመዳብና የዚንክ ውሕድ ነው» ማለት ይቻላልን?

ጠያቂ፣ ከለገጣፎ፦

ጤና ይስጥልኝ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችውን እኅቴን ማታ ማታ ኬሚስትሪ አስጠናታለሁ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቃሉን በአማርኛ ፈትቼ ካላስረዳኋት ነገሩ ይድበሰበስባታል። ትናንት ከማጠናከሪያ ትምህርት ይዛው በመጣችው ወረቀት ላይ «ናስ የመዳብና የዚንክ ውሕድ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር አገኘሁ። እኔ እስከማውቀው ውሕድ የሚባለው ኮምፓውንድ ነው፤ ናስ ደግሞ አሎይ፣ ማለትም አብረው ቀልጠው የረጉ ብረቶች ነው። የበራችንን የናስ ቁልፍ እያገላበጠች «ታዲያ ይህ ውሕድ ነው፣ ድብልቅ ነው ወይስ ቅይጥ?» ብትለኝ መልስ አጥቼ አደርሁ። «ቅይጥ» እና «ድብልቅ» የሚለያዩበትን ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፣ ከሰንዳፋ፦

ዐረፍተ ነገሩ ስሕተት ነው። የውሕድ ምጣኔ የተወሰነ ነው፤ ውሃው ከለገዳዲ ይቀዳ ከሰማይ ይዝነብ፣ 1 ግራም ሃይድሮጅን ምንጊዜም የሚዋሐደው ከ8 ግራም ኦክስጅን ጋር ነው። በናስ ውስጥ ግን ዚንኩ 5 በመቶም ሆነ 40 በመቶ ቢሆን ናሱ ናስ ከመባል አይወጣም። ፊዚክስና ኬሚስትሪ ለረጅም ጊዜ ያስተማርሁ እንደመሆኔ፣ ተማሪዎች ይህን አንድ ነጥብ ሲስቱ ማየት ያሳዝነኛል።

መልስ፣ ከቡራዩ፦

መምህር፣ ስለ ናሱ የተናገሩት እውነት ነው፤ ከዚያ በፊት ግን «ውሕድ» የሚለው ቃል ራሱ ሊመረመር ይገባል። በቅኔ ቤት ለቈየ ሰው ተዋሕዶ ማለት ያለ ውላጤ (ያለ መለወጥ)፣ ያለ ሚጠት (ያለ መመለስ)፣ ያለ ቱሳሔ (ያለ መደባለቅ)፣ ያለ ቡዓዴ (ያለ መራራቅ) አንድ መሆን ነው። አባቶች የሚመስሉትም በጋለ ብረት ነው፤ ብረቱ ብረትነቱን ሳይለቅ፣ እሳቱም እሳትነቱን ሳይተው አንድ ይሆናሉ። ሶዲየም ግን ውሃ ሲነካው የሚንቦገቦግ ብረት ነው፤ ክሎሪንም የሚመርዝ ጋዝ ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ ግን ወጥ የምናጣፍጥበት ጨው ይሆናሉ። ይህ የጠባይ መለወጥ ነውና ስሙ ውላጤ እንጂ ተዋሕዶ ሊሆን አይችልም። ማርና ውሃ ተበጥብጦ ብርዝ ሲሆን ደግሞ አባቶች ቱሳሔ ይሉታል፤ ይህ በእናንተ ቋንቋ ድብልቅ የሚባለው ነው። እንግዲህ ቃሉ ያላግባብ ተወስዷል።

መልስ፣ ከሰንዳፋ፦

አባቴ፣ ትንታኔዎን አከብራለሁ። ይሁን እንጂ የጋለ ብረት በኬሚስትሪ ውሕድም ድብልቅም አይደለም፤ ግለቱ ከፍ ያለ ብረት ነው፣ ሲበርድም ያው ብረት ነው። የቃሉን የነገረ መለኮት ድንበር ወደ ቤተ ሙከራ ካስገባን ተማሪዋ በጨው ውስጥ ሶዲየሙ ከነቍጣው አለ ብላ ልታስብ ትችላለች።

መልስ፣ ከቡራዩ፦

እኔም የምለው ይህንኑ ነው፤ ቃሉ ያሳስታታል።

መልስ፣ ከሰበታ፦

ሁለታችሁም የዘለላችሁት ነገር አለ። በግእዝ «ውሕደ» ማለት አነሰ፣ ጐደለ ማለት ሲሆን «ውሑድ» ደግሞ ጥቂት ማለት ነው፤ ዛሬም ቍጥራቸው አነስተኛ የሆኑትን «ውሑዳን» የምንለው ከዚህ ተነሥተን ነው። በእኔ እምነት የኬሚስትሪው ቃል ከዚህ ሥር ቢቀዳ ይበልጥ ያምራል፤ ምክንያቱም ሙቀትና ግፊቱ እኩል ሆኖ 2 ሊትር ሃይድሮጅን ከ1 ሊትር ኦክስጅን ጋር ሲቃጠል የሚገኘው 2 ሊትር የውሃ ተን ነው። ሦስቱ ሁለት ሆነዋልና ውሕደዋል።

መልስ፣ ከቡራዩ፦

ልጄ፣ ፊደሉ ቢመሳሰልም ግሱን አታምታታው። «ተዋሐደ» አንድ ሆነ፣ «ውሕደ» አነሰ ነው። የሚይዘው ቦታ ቢቀንስም መጠነ ቁሱ አልጐደለም፤ 2 ግራሙ ሃይድሮጅንና 16 ግራሙ ኦክስጅን ተደምረው 18 ግራም ሆነው ይገኛሉ። ታዲያ ምኑ ነው ያነሰው?

መልስ፣ ከሰበታ፦

ቍጥሩ ነዋ! አንድ የሆነ ሁሉ ከሁለትነት ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ ግሶች ከአንድ ሥር ናቸው ብዬ አምናለሁ፣ ከዚህም የሚያነቃንቀኝ ማስረጃ አልቀረበልኝም።

ጠያቂ፣ ከለገጣፎ፦

ስለ ትምህርታችሁ አመሰግናለሁ። ዛሬ ስለ ብርዙና ስለ ጨው ነገርኋት፤ ጨው በብርጭቆ ውሃ አሟሙታ ውሃውን በድስት አትንና በድስቱ ዙሪያ የቀረውን ነጭ ቅርፊት በጥፍሯ ፋቀች። «ጨውና ውሃው ድብልቅ ነበሩ፣ ጨውነቱ ግን አልተለየም» ብላ ራሷ መለሰችው። ስለ ቁልፉ ግን አሁንም እየጠየቀችኝ ነው።

መልስ፣ ከሰንዳፋ፦

እኔ ድብልቅን ለጠቅላላው፣ ቅይጥን ደግሞ ቀልጠው አንድ ላይ ለረጉ ብረቶች ብቻ እጠቀማለሁ። ሰርገኛ ጤፍ ድብልቅ ነው፤ ነጩና ቀዩ ፍሬ በዐይን ይለያል። ናስን ግን በዐይን መለየት አይቻልም።

መልስ፣ ከቡራዩ፦

በሀገራችን ግን ገብስና ስንዴውን «ቀየጠ» የሚለው ገበሬው ነው፤ ያውም ሳያቀልጥ። መጀመሪያ «ቀየጠ» የሚለው ግስ ከየት እንደ መጣ እንነጋገር።