ቴክሳስ ነዳጅ ጉድጓድ ላይ ተጎዳሁ፤ ወርከርስ ኮምፕ (የሥራ ላይ ጉዳት መድን) እየወሰድኩ ሌላውን ድርጅት መክሰስ እችላለሁ?

ጠያቂ፣ ሚድላንድ፦
ሰላም ወገኖች። ከጉድጓድ ከነዳጁ ጋር የሚወጣውን ጨዋማ ውሃ የማመላልስ የቦቴ ሹፌር ነኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ሌሊት፣ ቱቦ ገጥሜ ገና እጄን ሳላነሳ የሌላ ድርጅት ሠራተኛ ፓምፑን አስነሳው። የመጋጠሚያው አንዱ መቆለፊያ ጆሮ ተሰብሮ በሽቦ ታስሮ ነበር። ሽቦው ተበጠሰና ቱቦው ተፈናጥሮ የቀኝ እጄን አንጓ ሰበረው። አሁን በብሎን ተይዟል። የአሰሪዬ ኮምፕ ሕክምናውንና ካጣሁት ደሞዝ 70 በመቶውን ይከፍላል። አለቃዬ ግን «ኮምፕ ከወሰድክ ክስ የሚባል ነገር የለም» አለኝ። እውነት ነው? የልጄን ጫማ ማሰር እንኳ አቅቶኛል።

ቫልቭ ጠጋኝ፣ ኦዴሳ፦
እግዜር ይማርህ ወንድሜ። አለቃህ የነገረህ ግማሹን ነው። ኮምፕ የሚዘጋብህ አሰሪህን መክሰስ ነው። ፓምፑን ያስነሳው ሰው ድርጅት ሦስተኛ ወገን ነው፤ በቸልተኝነት ትከሰዋለህ። ገንዘብ ካገኘህ ግን ኮምፑ ያወጣልህን ከዚያ ላይ መልሶ ይወስዳል፤ ከወዲሁ እወቀው።

አሁን ዋናው ነገር ያቺ ሽቦ ናት። የት ነው ያለችው? እኔን የጎዳኝን ቫልቭ በሳምንቱ ነቅለው ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ጫኑት። ጠበቃ ስይዝ የሚታይ ነገር አልነበረም። ለጥገና የገባሁ የኮንትራክተር ሠራተኛ ስለነበርኩ ደግሞ፣ የቦታው ባለቤት ሥራውን ይቆጣጠር እንደነበርና አደጋውን እያወቀ እንዳላስጠነቀቀኝ አሳይ ተባልኩ። በምን ላሳይ? አንተ ዛሬውኑ ጠበቃ ያዝ። መጋጠሚያውን እንዳይጥሉት በደብዳቤ ይጠይቅልህ።

አንድ ጥያቄ፦ ሽቦው የታሰረው በማን በኩል ነው? የእናንተ ቱቦ ከሆነ ጥፋቱን ወዳንተ ይገፉታል። ከ50 በመቶ በላይ ጥፋተኛ ከተባልክ ደግሞ ሳንቲም አታገኝም።

የማጣሪያ ሠራተኛ፣ ሂውስተን፦
በ2005 የቴክሳስ ሲቲ የነዳጅ ማጣሪያ ሲፈነዳ የሞቱት 15 ሰዎች ሁሉም የኮንትራክተር ሠራተኞች ነበሩ። ማጣሪያው የነዳጅ ኩባንያው የቢፒ ነበር፤ ቤተሰቦቻቸውም ቢፒን ጠይቀው ካሳ ተቀብለዋል። ደሞዝ የሚከፍልህና የጎዳህ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ቀኑን ብቻ አታሳልፍ፦ በቴክሳስ ለአካል ጉዳት ክስ ያለህ ሁለት ዓመት ነው፣ ከተጎዳህበት ቀን ጀምሮ።

ጠያቂ፣ ሚድላንድ፦
ኑሩልኝ። ሽቦው በእነሱ በኩል ነው፣ ከታንከሩ በሚወጣው ቧንቧ ላይ። ከኋላዬ ተራ ይጠብቅ የነበረው ሹፌር በስልኩ ፎቶ አንስቶታል፤ አሁን ደውዬለት ላከልኝ። የተበጠሰው ጫፍ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ነገ ጠዋት ጠበቃ ጋ ይዤው እሄዳለሁ።