«አልወደቅኩም» የሚሉ አረጋውያንን ምን ያህል እንመን?

ሲስተር ከጤና ጣቢያ
ሰላም ለሁላችሁ። ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ተገልጋዮችን መውደቅ የሚመዘግብ መጠይቅ እያዘጋጀን ነው። «ባለፉት 3 ወራት» ብንል ለማስታወስ ይቀላል የሚሉ አሉ፤ ሌሎቹ «12 ወራት» ይሁን ይላሉ። ደግሞ በሙከራው ላይ «ወድቀው ያውቃሉ?» የተባሉ አንዲት እናት «ኧረ በጭራሽ» አሉ፤ ጉልበታቸው ላይ ግን ገና ያልደረቀ ቁስል አለ። ችግሩ ከትውስታቸው ነው ወይስ ከጥያቄያችን?

መረጃ ሰብሳቢ
ሲስተር፣ 12 ወር ያዙ። በ1988 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ 304 ሰዎችን ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ተከታትሎ፣ መጨረሻ ላይ ባለፉት 3፣ 6 እና 12 ወራት ወድቀው እንደሆነ ጠየቃቸው። መውደቃቸው ከተረጋገጠው ውስጥ እንደተጠየቁበት ጊዜ ርዝመት ከ13 እስከ 32 በመቶ የሚሆኑት አላስታወሱም። የ12 ወሩ መልስ ከ3 እና ከ6 ወሩ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። እኔ እንደሚገባኝ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው መውደቁ ሳይሆን ቀኑ ነው፤ ጊዜው ባጠረ ቁጥር ድንበሩ ላይ ያለው ይምታታል። በአእምሮ ምርመራ ዝቅተኛ ውጤት ያላቸው ደግሞ ይበልጥ ይረሳሉ።
ሳይወድቅ «ወደቅኩ» የሚል ጥቂት ነው። ደግማችሁ መጠየቅ ያለባችሁ «አልወደቅኩም» ያለውን ነው።

ፊዚዮቴራፒስት
የእኚያ እናት ነገር ግን ከጥያቄው ይመስለኛል። «ወድቀው ያውቃሉ?» ሲባል ብዙ ሰው የሚጥል በሽታን ያስባል፤ ማን «አዎ» ይላል? ደግሞ በእኛ አነጋገር ያዳለጠው «አዳለጠኝ»፣ የተደናቀፈው «እንቅፋት መታኝ»፣ ያዞረው «አዞረኝና ቁጭ አልኩ» እንጂ «ወደቅኩ» አይልም። እንዲህ ጠይቁ፦
«ካለፈው ዓመት ጥምቀት ወዲህ አዳልጦዎት፣ እንቅፋት መትቶዎት ወይም አዙሮዎት ሳያስቡት መሬት ላይ ያረፉበት ጊዜ አለ? ምንም ባይጎዱም ይንገሩኝ።»
በዓሉን እንደ ቃለ መጠይቁ ወር ቀይሩ፦ እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ጥምቀት። ፋሲካ፣ ረመዳንና አረፋ ቀናቸው ስለሚለዋወጥ ለ12 ወር መነሻ አይመቹም።
«የለም» ካሉ ቦታ ቦታውን አንሱ፦ ሌሊት ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱ፣ ከአልጋ ሲወርዱ፣ ደጅ ላይ ጭቃ ሲሆን። ልጆቻቸው ባሉበት አትጠይቁ። «ከእንግዲህ ብቻዎን ቤተ ክርስቲያን አይሄዱም» እንዳይባሉ ፈርተው የሚደብቁ አሉ፤ ይህ ከመርሳት ጋር አይገናኝም።

ሲስተር ከጤና ጣቢያ
እግዜር ይስጥልኝ። ስንት ጊዜ እንደወደቁስ?

መረጃ ሰብሳቢ
በትውስታ ከሆነ «ምንም»፣ «አንዴ»፣ «ሁለትና ከዚያ በላይ» ብላችሁ ብቻ መድቡ። ትክክለኛ ቁጥር ከፈለጋችሁ በየቀኑ ምልክት የሚደረግበት ሰሌዳ ስጡ፣ በየወሩ ሰብስቡ። ያልወደቁበት ቀንም ምልክት ይኑረው፤ ሳጥኑ ባዶ ከሆነ አልወደቁም ይሁን ረሱ አይለይም። ጠዋት ቡና ሲፈላ የትናንቱን መሙላት ይለመዳል። ጳጉሜን ከነሐሴ ሰሌዳ ጋር አያይዙ፣ አለበለዚያ ይዘለላል። የመርሳት ችግር ላለባቸው አስታማሚውንም ጠይቁ፤ ግን በሌላ ዓምድ ጻፉት፣ እሱ የሚያውቀው ቤት ባለበት ሰዓት የሆነውን ነውና።